ቼክሊስቱ ሁሌ «ደህና» ይላል፣ ማሽኑስ?

የማታፈረቃ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ላሜራ የሚቆረጥበትና የሚታጠፍበት ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ፕሬስ ማሽኖች፣ ኦቨርሄድ ክሬን፣ ኮምፕረሰር፣ ኮንቬየርና ፎርክሊፍት አለን። ፈረቃ ሲጀመር ኦፕሬተሩ ቼክሊስት ሞልቶ ይፈርማል። ሰሞኑን የድሮ ፎርሞችን ሳገላብጥ ግን ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ወራቱን ሙሉ ሁሉም ሳጥን ራይት ነው። አንድም ኤክስ የለም። በዚያው ጊዜ ማሽኖቹ ሲበላሹ ነው የከረሙት። ይባስ ብሎ አንዱ ፕሬስ ተፈታቶ በቆመበት ሳምንት እንኳ «ፍሬን ደህና፣ ሽፋን ደህና፣ ዘይት ደህና» ተብሎ ተፈርሞበታል። ፍሬኑ እኮ እኛ ጠረጴዛ ላይ ነበር!

ፍተሻውን የምር ለማድረግ ከየት ልጀምር? ፎርሙን ላሳጥረው ወይስ ላርዝመው? ኦፕሬተሩ ምን ይይ፣ እኛስ ምን እንይ? አለቃዬን ሳናግረው «ፎርም አለ፣ ፊርማ አለ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ነው መልሱ።

ጋሼብሎን

ፎርሙን ለጊዜው ተወው። ይዘኸው ከኦፕሬተሩ ጋር ማሽኑ ጋ ሂድ። እያንዳንዱን መስመር እየነካህ «ይቺን እንዴት ነው የምታያት? እስኪ አሳየኝ» በለው። ሳትቆጣ፣ እንደ ጓደኛ። ግማሹ መስመር ላይ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። ጥፋቱ የሱ አይደለም። «ድንገተኛ ማቆሚያ፦ ደህና» የሚል መስመር ምን አድርግ ነው የሚለው? ሰውየው ቀዩን ቁልፍ ያየዋል፣ ቦታው አለ፣ ራይት።

ድንገተኛ ማቆሚያ በዓይን አይፈተሽም። ማሽኑ ያለ ሥራ እየተንቀሳቀሰ ተጫነው። ይቁም። ቁልፉ እንደተጫነ ተቆልፎ ይቅር። ከዚያ አዙረህ ልቀቀው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚዘናጋው። ስትለቀው ማሽኑ በራሱ መነሳት የለበትም፤ ሰው መጥቶ ስታርት እስኪለው ዝም ማለት አለበት። ከተነሳ ያንን ማሽን አቁመህ ኤሌክትሪሺያን ጥራ። አራት ቁልፍ ያለው ማሽን ከሆነ በየፈረቃው አንዱን በተራ ሞክሩ፤ አለበለዚያ ሁሌ የሚሞከረው ቅርብ ያለው ብቻ ነው።

ሌላው፣ ራይት ብቻ የሚጠይቅ ፎርም ቤት ተቀምጦም ይሞላል። «የአየር ግፊት ደህና» አትበል፤ «ጌጁ ስንት ይነበባል?» ብለህ ባዶ ቦታ ተውለት። ቁጥር ለመጻፍ ሄዶ ማየት ግድ ነው።

ድሪል12

ቁጥሩንም ከትናንቱ የሚገለብጥ አለ፣ ጋሼ።

ጋሼብሎን

አለ እንጂ! ግን የግፊት ንባብ ወር ሙሉ 6.2፣ 6.2፣ 6.2 ካለ ከቢሮህ ሳትነሳ ታውቀዋለህ። የራይት ምልክት ግን አታወራም።

ቢጫኮፍያ

የሴፍቲ ባለሙያ ነኝ፣ በጥያቄህ ሁለተኛ ክፍል ልግባ። ማን ምን ይይ ለሚለው ሦስት ደረጃ አድርገህ አስበው። ኦፕሬተሩ በየፈረቃው የሚያየው፣ ጥገና ክፍል መሣሪያ ይዞ በየጊዜው የሚያየው፣ ከምርት ጫና ነፃ የሆነ ብቃት ያለው ሰው ደግሞ ፈታቶ የሚመረምረው። ሦስቱ ሲደበላለቁ ነው ሁሉም በሌላው ላይ የሚጥለው።

ጊዜውን በተመለከተ መነሻ የሚሆኑህ የሌሎች አገሮች ሕጎች አሉ። በአሜሪካ ደንብ ፎርክሊፍት ቢያንስ በቀን አንዴ ሥራ ሳይጀምር ይታያል፤ ሌት ተቀን የሚሠራ ከሆነ ከእያንዳንዱ ፈረቃ በኋላ። ክላች ያለው ሜካኒካል ፕሬስ ደግሞ ክላቹ፣ ፍሬኑና ሳይታዘዝ ደግሞ እንዳይመታ የሚያግደው ክፍል በአብዛኛው በየሳምንቱ መፈተሽና መሞከር አለባቸው። በእንግሊዝ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የማንሻ መሣሪያዎች ደንብ፣ ሰው የሚያነሳ ማሽንና እንደ ሰንሰለትና ወንጭፍ ያሉ የማንሻ ዕቃዎች በየ6 ወሩ፣ ሌላው ክሬን ደግሞ በየ12 ወሩ ጥልቅ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ይህ ትንሹ ነው። አቧራና ሙቀት ካለ፣ ማሽኑ ካረጀ፣ ጊዜውን ታጠብቃለህ እንጂ አታላላም።

እና ከአሜሪካው ደንብ አንድ የምወደው ነገር አለ። ኃይል ዘግቶና ቆልፎ የመሥራት አሠራራቸው በዓመት አንዴ ሲፈተሽ፣ የሚፈትሸው ሰው አሠራሩን ራሱ የሚጠቀምበት ሰው መሆን አይችልም። ሌላ ዓይን ነው የሚፈለገው። ይህን አንተ ጋም ያለ ምንም ወጪ ልታደርገው ትችላለህ። የ«ሀ» ፈረቃ ጠጋኝ የ«ለ» ፈረቃን ማሽን ይይ።

መንጠቆ

ክሬን ላይ ነኝ። ኦቨርሄድ ክሬን አለን ስላልክ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም የክሬን ቼክሊስት ላይ «ገመድ ደህና» የሚለውን መስመር ሳይ ደሜ ይፈላል።

የብረት ገመድ ከሩቅ ሲያዩት ሁሌም ደህና ነው። ጓንት አድርግ፣ ጨርቅ ያዝ፣ ገመዱ ቀስ ብሎ ሲወርድ ቆም እያደረግክ ጨርቁን አሳርፍበት። የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ እጅ እንዳትሞክረው፣ መርፌ ነው። ደጋግመህ የምታነሳው ከፍታ ላይ ገመዱ ፑሊው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ለይተህ እወቅ። ድካሙ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ከበሮው ላይ የታሰረበትንም ጫፍ አትርሳ። ከዚያ ዲያሜትሩን በካሊፐር ለካ፣ ከአዲሱ ጋር አወዳድር። ውጩ ንጹሕ ሆኖ ከቀጠነ ውስጡ እየሞተ ነው ማለት ነው።

የተበጠሰውን ቁጠር። ገመድ ከዘለላዎች ይሠራል፣ ዘለላው ደግሞ ከሽቦ። አንድ ዘለላ ገመዱን ሙሉ ዙሮ በሚጨርስበት ርዝመት ውስጥ 6 የተበጠሰ ሽቦ፣ ወይም በአንዱ ዘለላ ላይ ብቻ 3 ካገኘህ ገመዱ ይወጣል።

መንጠቆው ላይ አዲስ ሳለ በአፉ ሁለት ጎን ነጥብ ምታበትና ርቀቱን መዝግብ። ከመጀመሪያው 5 በመቶ ከከፈተ ከሥራ ይወጣል። ከተጠማዘዘም እንደዚያው። በእሳት አሙቀን እናቃናው የሚል ሰው ካለ አጠገቡ አትቁም።

ፈረቃ ሲጀመር ደግሞ የላይኛውን ሊሚት ስዊች (መንጠቆው ከልክ በላይ ሲወጣ የሚያቆመውን) ያለ ጭነት፣ በቀስታ አስነካው። ባዶ መንጠቆ ይዘህ ካልቆመ ጭነት ይዘህ ምን እንደሚሆን አስበው።

ጥርሰማርሽ

መንጠቆ፣ ጽሑፍህ ጥሩ ነው፣ 6 እና 3 ያልከው ግን በአሜሪካው መሥፈርት የተንቀሳቃሽ ክሬን ገመድ ነው። ለኦቨርሄድ ክሬን 12 እና 4 ነው የሚሉት። ጥያቄ ያነሳው ልጅ ያለው ደግሞ ኦቨርሄድ ነው።

መንጠቆ

ልክ ነህ። እኔ የምሠራው በጎማ በሚሄደው ክሬን ላይ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ግን ቁጥሩ ከመድረሱ በፊት ዛሬ 2 ነገ 4 እያለ የሚጨምርበትን ፍጥነት ነው የምፈራው። ስለዚህ ቀን እየጻፈ ይመዝግብ። እንዳይሽከረከር ተደርጎ የተሠራ ገመድ ከሆነ ደግሞ መሥፈርቱ ከዚህ ሁሉ ይጠብቃል፤ አምራቹ ምን እንዳለ ይይ።

ሴንሰርሰው

ፕሬሶቹ ላይ ልምጣ። ላይት ከርተን (እጅ ሲያቋርጠው ማሽኑን የሚያቆም የብርሃን መጋረጃ) ካላቸው አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ፍተሻ ዱላ አስገብቶ ማሽኑ መቆሙን ማየት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ጥያቄው በስንት ሰከንድ ቆመ የሚለው ነው።

ስሌቱ አይኤስኦ 13855 የሚባለው ዓለም አቀፍ መሥፈርት ላይ አለ፣ ከባድ አይደለም። ከርተኑ ከአደገኛው ቦታ የሚርቅበት ርቀት፣ የእጅ ፍጥነት በጠቅላላ የመቆሚያ ጊዜ ተባዝቶ፣ እጅ ሳይታይ ሊገባ የሚችልበት ትርፍ ሲደመርበት ነው። የእጅ ፍጥነት በሰከንድ 2000 ሚሊሜትር ይያዛል፤ ውጤቱ ከ500 ሚሊሜትር ካለፈ በ1600 እንደገና ይሰላል። ጣት የሚለይ ባለ 14 ሚሊሜትር ከርተን ከሆነ ትርፉ ዜሮ ነው።

አሁን አስቡት። ፕሬሱ አዲስ ሳለ፣ የከርተኑ ምላሽ ተጨምሮ፣ በ0.15 ሰከንድ ይቆም ነበር። 300 ሚሊሜትር። ከርተኑ እዚያ ላይ ተተከለ፣ በብሎን ታሰረ፣ ሁሉም ረሳው። እያደር የፍሬን ሸራው ተበላ፣ ዘይት ጠጣ። ዛሬ የሚቆመው በ0.22 ሰከንድ ነው። የሚያስፈልገው ርቀት 440 ሆኗል፣ ከርተኑ ግን ያው 300 ላይ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ዱላ ስታስገባ ይቆማል፣ ቼክሊስቱ ራይት ነው። እጅ ግን ሞልዱ ከመቆሙ በፊት ይደርሳል።

ይህን ኦፕሬተር እንዲያይ መጠበቅ ግፍ ነው። የመቆሚያ ጊዜ መለኪያ መሣሪያ አለ። ፍሬን በተነካ ቁጥር፣ ሞልድ በተቀየረ ቁጥር (ክብደቱ ይለያያል)፣ ካልሆነም በተወሰነ ጊዜ ይለካ፣ ቁጥሩም ማሽኑ ላይ ይለጠፍ።

ድሪል12

ስለ ትንንሾቹም አንድ ሰው ይናገር እንጂ። ጥግ ላይ ያለው ግራይንደር ቼክሊስት ላይ እንኳ የለም። የዕቃ ማሳረፊያው ከድንጋዩ ከ3 ሚሊሜትር በላይ እንዳይርቅ፣ የላይኛው ምላስ ከ6 በላይ እንዳይርቅ። ድንጋዩ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ማንም አያስጠጋውም።

ዕቅድናምርት

እስካሁን የጻፋችሁት ሁላችሁም ጥገናና ሴፍቲ ናችሁ። እኔ የምርት ክፍል ኃላፊ ነኝ፣ ስደቡኝ። ኦፕሬተሮች ለምን ራይት ብቻ እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ። እኔ ጋ አንድ ልጅ ለአንድ ሳምንት ያህል ኤክስ አደረገ፣ የሃይድሮሊክ ሆዝ ያልባል ብሎ። ወረቀቱ ወደ ጥገና ሄደ። መልስ የለም። በማግሥቱ እንደገና ኤክስ። ጥገና «ዕቃ የለም» አለ። የኔ ሱፐርቫይዘር ደግሞ «ማሽኑን ላቁም ወይስ አላቁም፣ ቁርጡን ንገሩኝ» አለ። የሚነግረው ጠፋ። ማሽኑ እየሠራ ቀጠለ። ልጁ ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? ራይት።

ስለዚህ ፎርም ማሻሻል፣ ቁጥር ማስጻፍ፣ ሁሉም ደህና ነው። ኤክስ የሚባለው ነገር ሲመጣ ማን በስንት ሰዓት ውስጥ ይመልሳል? ይህ ካልተመለሰ በወርቅ የተጻፈ ቼክሊስትም ብታመጡ ያው ነው። ደግሞም ሁሉም ኤክስ ማሽን አያቆምም። የወለቀ ምልክትና የተሰነጠቀ መንጠቆ አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ለኔ ሁለቱም «ኤክስ» ሆነው ነው የሚመጡልኝ።

ቢጫኮፍያ

ማን ይሰድብሃል፣ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ዋናውን ያነሳኸው አንተ ነህ።

እኛ ጋ የሠራልን እንዲህ ነው። ፎርሙ ላይ ጥቂት መስመሮች ቀይ ናቸው። ድንገተኛ ማቆሚያ፣ ፍሬን፣ የሽፋን ስዊች፣ የክሬን ሊሚት፣ መንጠቆና ገመድ። ከነዚህ አንዱ ኤክስ ከሆነ ኦፕሬተሩ ማንንም ሳያስፈቅድ ያቆማል፣ ቀይ ካርድ ያንጠለጥላል። ክርክር የለም፣ የሱፐርቫይዘር ውሳኔም አይደለም። ቀሪዎቹ መስመሮች ቢጫ ናቸው፤ ማሽኑ ይሠራል፣ ግን የሚጠገንበት ቀን ተጽፎ ለኦፕሬተሩ ይመለስለታል። ካርዱን የሚያነሳው ደግሞ የጠገነውና ሞክሮ ያየው ሰው ነው፣ በስሙና በፊርማው። «ማሽኑ ይነሳ» ያለ ሰው ስሙ የማይጻፍ ከሆነ ሁሉም ይነሳ ይላል።

የሚያልበው ሆዝ ግን ቢጫ እንዳይመስልህ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት በመርፌ ቀዳዳ ሲወጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ነው፣ ብዙም አያምም፣ ሰው ይንቀዋል። ውስጥ ግን ሥጋውን ያበላሻል፤ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ፍሳሽ በጣት አይፈለግም። ረጅም ካርቶን እያሳለፉ ነው።

ቮልት

ፍተሻ ራሱ ሰው እንዳይጎዳ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ማብሪያውን አጥፍቶ ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ቆሟል፣ ጉልበቱ ግን ውስጥ አለ። አኩሙሌተር (የሃይድሮሊክ ግፊት ማጠራቀሚያ) ውስጥ በናይትሮጅን የታፈነ ዘይት ፓምፑ ከቆመ በኋላም ይገፋል። የፕሬሱ ራም (ወርዶ የሚመታው ክፍል) ከላይ እንደቆመ ከቀረ ለመውደቅ ክብደቱ ብቻ ይበቃዋል፤ መደገፊያ ብሎክ ሳይገባ እጅ አይገባም። ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካለ ካፓሲተሮቹ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ቮልቴጅ ይይዛሉ፤ ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ ዝጋ፣ በራስህ ጓጉንቸር ቆልፍ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፣ የታመቀውን ግፊት አስወጣ፣ ቮልቴጅ በሜትር ለካ፣ ከዚያ ስታርት ተጫን። አልነሳም? አሁን ግባ። ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ጓጉንቸር ነው። በአንድ ሰው ቁልፍ ሦስት ሰው የሚገባበትን ቦታ አይቻለሁ፣ አልወደውም።

እንፋሎት

ኮምፕረሰሩን ማንም አላነሳውምና እኔ ላንሳው። አየር የሚጠራቀምበት ታንክ ከቦይለር ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ የማሽን ፍተሻ ነገርም በብዛት የተጀመረው ከቦይለር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ማንቸስተር ላይ የእንፋሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር በ1854 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ቦይለር የሚያዩ ተቆጣጣሪዎችን መላክ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብሮክተን፣ ማሳቹሴትስ፣ በ1905 የግሮቨር ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰው ሞተ። ከዚያ ነው ግዛቲቱ የቦይለር ሕግ ያወጣችው፣ የመካኒካል መሐንዲሶቹ ማኅበርም የ1914ቱን የቦይለር ኮድ ያዘጋጀው።

ከዚያ አደጋ ለናንተ የሚጠቅመው ይኼ ነው። የፈነዳው ዋናው ቦይለር አልነበረም። አዲሱ ለጥገና ቆሞ በምትኩ የተነሳው አሮጌው ተጠባባቂ ነበር። የማታፈረቃ፣ ፋይልህን ስታይ ቼክሊስት የሌላቸውን ማሽኖች ፈልግ። ተጠባባቂ ኮምፕረሰር፣ በዓመት ሁለቴ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ ከመጋዘን የሚወጣ ሰንሰለት።

ታንኩን በተመለከተ፣ በየቀኑ ከሥሩ ውኃ አስወጡ። ዝገቱ ከውስጥ ነው የሚበላው፣ ከውጭ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ውፍረቱ በአልትራሳውንድ ይለካ። ሴፍቲ ቫልቩ ላይ ሰው ሽቦ አስሮበት ወይም መድፈኛ ተክሎበት እንዳይሆን እዩ። የግፊት ሙከራ ሲደረግ በውኃ እንጂ በአየር አይሁን። ውኃ ስለማይታመቅ ታንኩ ቢሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። አየር ከሆነ ያ ሁሉ የታመቀ ጉልበት በአንዴ ነው የሚለቀቀው።

የማታፈረቃ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼብሎን እንዳሉት ፎርሙን ይዤ ከአንድ ኦፕሬተር ጋር ትልቁ ፕሬስ ጋ ሄድኩ። «የኋላ በር ስዊች» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ልጁ ዝም አለ፣ ከዚያ ሳቀ። በሩን ከፈተልኝ፤ ማሽኑ መብራቱን እንኳ አልቀየረም። ስዊቹ ውስጥ፣ በሩ ሲዘጋ በሚገባው ምላስ ምትክ፣ ትርፍ ምላስ ገብቶበት በኤሌክትሪክ ቴፕ ተጠቅልሏል። ቴፑ ላይ ያለው አቧራ ወፍራም ነው። ይህ ዛሬ የተደረገ ነገር አይደለም።

ለምን ብዬ ስጠይቀው የመለሰልኝ ግን ትክክል ነው። የሚቆረጠው ትርፍ ላሜራ ከኋላ መውረጃው ላይ ይቀረቀራል፤ በየጥቂት ደቂቃው በሩን ከፍቶ መግፋት አለበት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ማሽኑ ቆሞ፣ ሪሴት ተደርጎ፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ አካሄድ ኮታው አይሞላም። ለአለቃዬ ፎቶውን ሳሳየው ዝም አለ፤ ፕሬሱ ቆሟል።

አሁን ጥያቄዬ፣ ምላሱ እንደዚህ እንዳይታሰር ምን ዓይነት ስዊች ልተካበት?

ሴንሰርሰው

ኮድ ያለው፣ ሳይነካካ የሚሠራ ስዊች አለ። ለራሱ ከተሠራው ጥንድ ውጭ በሌላ አይታለልም። ጥንዱን የማይፈታ ብሎን ተጠቅመህ እሰረው፣ ስዊቹም ኦፕሬተር በማይደርስበት በኩል ይሁን። ግን ይህን ብቻ ከቀየርክ ሌላ ዘዴ ያመጡልሃል፤ በሩን ራሱን ይፈቱታል። መጀመሪያ የሚሠራው መውረጃው ነው። ዝንባሌው ስንት ነው? ላሜራው ዘይት አለው?

የማታፈረቃ

ዘይት አለው፣ ይጣበቃል። መውረጃው ጠፍጣፋ ለማለት ይቻላል።

ጋሼብሎን

እንግዲያው ዘይት ያለው ጠፍጣፋ ላሜራ ጠፍጣፋ መውረጃ ላይ ቫኩም ይሠራል፣ አይንቀሳቀስም። መውረጃው ላይ፣ ላሜራው በሚወርድበት አቅጣጫ፣ ቀጫጭን ብረት እያራራቅክ በይድበት፣ ላሜራው በጠባብ ጠርዝ ላይ ብቻ እንዲያርፍ። ዝንባሌውንም ጨምር፣ ቦታ ካለህ። ብየዳው ሲጨርስ ሹል ነገር እንዳይቀር በደንብ ይሞረድ።

ዕቅድናምርት

እስከዚያ ምርቱ እንዳይቆም ብለው ቴፑን መልሰው እንዳይጠቀልሉት፣ ኮታውን በጽሑፍ ቀንሱለት። በቃል «ቀስ በል» ማለት አይሠራም፣ እኔ ነኝ የምነግርህ።

የማታፈረቃ

ነገ ብየዳውን እንጀምራለን። የመቆሚያ ጊዜ መለኪያውን ለመከራየት አለቃዬ እሺ ብሏል። ውጤቱን ሳገኝ ከከርተኑ ርቀት ጋር እዚሁ እለጥፈዋለሁ።